እንሰት ሙዝ አይደለም፦ ብርድ አገር ላይ እንሰት ያቆየሁበት መንገድ

ይህን የምጽፈው ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ ያማሩ እንሰቶቼ አይሞቱብኝም ነበር ብዬ ስለማምን ነው። ብርድ አገር ሆናችሁ ጓሯችሁ ውስጥ እንሰት ለማቆም ያሰባችሁ ካላችሁ፣ መትከሉ ቀላል ነው። ማሳደጉም ቀላል ነው። የሚገድለው ዊንተሩ ነው። ከዊንተሩ የባሰ ደግሞ ስለ ዊንተሩ የሚሰጣችሁ ምክር ነው።

የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ብዙም በማይርቅ ሰፈር ነው። ቤተሰቦቼ ጉራጌዎች ናቸው። ልጅ ሆኜ ትምህርት ሲዘጋ ወደ ወልቂጤ አካባቢ አያቶቼ ጋ እላክ ነበር። ከቤቱ ጀርባ የተተከለው እንሰት ቀትር ላይ እንኳ ፀሐይ አያስገባም። እዚህ ጓሮ ያለው ቤት ስገባ መጀመሪያ ያማረኝ እሱን ማየት ነው።

ለማያውቀው ባጭሩ፦ እንሰት ከሩቅ ሲያዩት ሙዝ ነው የሚመስለው። የሚበላው ግን ፍሬው አይደለም። ግንዱ ተፍቆ፣ ከመሬት በታች ያለው አሚቾ ተከትክቶ ቆጮና ቡላ ይሆናል። አሚቾው ተቀቅሎም ይበላል። አገር ቤት ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ኑሮው ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው። በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ በዱር የሚበቅልባቸው ሌሎች አገሮችም አሉ። አልምቶ ዋና ምግቡ ያደረገው ግን የኛ አገር ገበሬ ብቻ ነው።

ችግኙን ማግኘት አይከብድም። እዚህ በጸደይ ወራት ትልልቅ የአትክልት መደብሮች «የአቢሲንያ ሙዝ» እያሉ ይሸጡታል። ብዙውን ጊዜ የምታገኙት ቅጠሉ ቀይ ወደ ጥቁር የሚያደላውን፣ «ማውሬሊ» የሚባለውን ዓይነት ነው። ፈረንጆቹ ለውበት ነው የሚተክሉት። አረንጓዴውን ብታገኙ እሱን ውሰዱ፣ የአገር ቤቱን ይመስላል። በዘር ለማብቀል ለሚያስብ ግን ትዕግሥት ይስጠው። ዘሩ እንደ ጠጠር የጠነከረ ጥቁር ነገር ነው። ሞቅ ባለ ውኃ ዘፍዝፋችሁ፣ ሙቀት ሰጥታችሁም አንዱ ቶሎ ይበቅላል፣ ሌላው ወራት ይቆያል፣ ሌላው ጨርሶ አይበቅልም።

ከአገር ቤት ችግኝ በሻንጣ ይዞ መምጣትን እርሱት። እዚህ ላይ ተክል አናስገባም የሚሉትን የኤርፖርት ተቆጣጣሪዎች እደግፋለሁ። እንሰትን የሚያጠወልገው የባክቴሪያ በሽታ ቀልድ አይደለም። በፈረንጆቹ 1968 በሳይንስ ጽሑፍ ላይ የተመዘገበው እዚያው ኢትዮጵያ ውስጥ እንሰት ላይ ነው፤ በኋላ ሙዝ ላይም ታየ። በቢላዋና በገጀራ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ይሄዳል። ለዚህ ነው እዚህም ሆኜ አንዱን ከቆረጥኩ በኋላ ቢላዋዬን እሳት ሳላስነካ ሌላውን የማልነካው።

በጋውን በአንድ አንቀጽ እንለፈው። ውርጭ ማለፉን አረጋግጣችሁ፣ ሜይ ውስጥ ትተክላላችሁ። ፍግ ሳትሰስቱ ትሰጡታላችሁ። አገር ቤት ከቤቱ አጠገብ የሚተከለው የበረቱ አዛባ እንዲደርሰው ነው፣ እናንተም እንደዚያው አድርጉ። ውኃ ታጠጣላችሁ። ከዚያ ቆማችሁ ማየት ነው። ነሐሴ ላይ የኔ ከአጥሩ በላይ ወጥቶ ጎረቤቶቼ እየቆሙ ፎቶ ያነሱት ነበር። ደስታዬን አልደብቅም፣ በየቀኑ ከሥራ ስመለስ ከቤት በፊት ጓሮ ነበር የምገባው።

ኦክቶበር መጣ። ብርዱን አውቀዋለሁ፣ ስለዚህ አስቀድሜ ጠየቅኩ። አንድ የመንግሥት የአትክልት ምክር መስጫ ቢሮ ደወልኩ። ያነሳችው ሴትዮ ትሁት ነበረች። ምን እንደተከልኩ ነገርኳት። «እዚያው መሬት ላይ ተወው። ውርጭ ቅጠሉን እስኪያጠቁረው ጠብቅ። ከዚያ ግንዱን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርገህ ቁረጠው፣ በደረቅ ቅጠልና በገለባ ወፍራም ጉዝጓዝ አልብሰው። በጸደይ ከሥሩ ያቆጠቁጣል» አለችኝ። «ይሄ እኮ ሙዝ አይደለም፣ እንሰት ነው» አልኳት። «አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ አያያዛቸውም አንድ ነው» አለች። ድረ ገጻቸው ላይም ያለው እሱ ነው። ሁሉን ባለችኝ መሠረት አደረግሁ።

ኤፕሪል ላይ ጉዝጓዙን ገለጥኩ። የግንዱ ውጫዊ ልባስ ደርቆ ቡናማ ሆኗል፤ ይሄ አያስደነግጥም። ጫፉን ያዝ አድርጌ ትንሽ ነቅነቅ ሳደርገው ግን መሀሉ ያለ ምንም ትግል ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ከታች ጫፉ ግራጫ አጥሚት የመሰለ ዝቃጭ ነው። ውኃ ያንጠባጥባል። ቆጮ በሚቦካበት ቤት ያደገ ሰው የቦካውን ከበሰበሰው በማሽተት ብቻ ይለያል፤ ይሄ የበሰበሰ ነበር። አሚቾውን በአካፋ ቆፍሬ አወጣሁት። ዳር ዳሩ ገና ነጭና ጠንካራ ነው፣ እምብርቱ ግን ባዶ ጉድጓድ ሆኗል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ሁሉ። ሙዝ ከመሬት በታች ካለው ሥሩ ዙሪያውን ልጆች ያወጣል። የላዩ ቢሞትም በጎን ያቆጠቁጣል። ለብርድ የሚበረታው የጃፓን ሙዝ እንደዚያ ነው ዊንተርን የሚያልፈው። እንሰት በራሱ ጊዜ ልጅ አያወጣም። ያለው አንድ ልብ ነው፣ እሱም የተቀመጠው ግንዱና አሚቾው በሚገናኙበት ቦታ ነው። ያ ልብ ከሞተ የቀረው አካል ጤነኛ ቢሆንም በራሱ አይነሳም። ግንዱን ከላይ ቆርጣችሁ ስትተዉት ደግሞ ቅጠሎቹ ተደራርበው የሠሩት ዋሻ ዝናቡንና በረዶውን እየተቀበለ ቀጥታ ልቡ ላይ ያፈሰዋል። ጉዝጓዙ እርጥበቱን ያምቃል። ማለትም ሙዝን የሚያድነው አያያዝ እንሰትን የሚገድለው ነው።

መልሼ ደወልኩ። ሌላ ሰው አነሳ። የሆነውን ሁሉ ስነግረው «እንግዲያው እንደ ዓመታዊ አበባ ቁጠረው፣ በየዓመቱ አዲስ ትገዛለህ» አለኝ። ዛሬም ሳስበው ይቆጠቁጠኛል። አገር ቤት ለምግብ ለመድረስ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ዓመት የሚፈልግ፣ በአንድ ሰው እጅ ተተክሎ ልጁ የሚቆርጠው ተክል ነው። እንደ መስኮት አበባ በየጸደዩ ገዝቶ በየኖቬምበሩ መጣል ነው የመከረኝ!

ሙዝ አለመሆኑ ደግሞ አዲስ ወሬ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከ250 ዓመት በፊት ጎንደር አካባቢ አይቶት ሥዕሉን አሠርቷል፣ የሙዝ ዘር እንዳልሆነም በእርግጠኝነት ጽፏል። በፈረንጆቹ 1853 ምጽዋ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ዘሩን ለንደን ወደሚገኘው የኪው የዕፅዋት ማዕከል ሲልክ እዚያ ያሉት ባለሙያዎች ምን እንደሆነ አላወቁም ነበር። በ1862 የራሱ ወገን ተሰጠው። በ1947 ቺዝማን የተባለው ተመራማሪ ከሙዝ የመለየቱን ነገር እንደገና አጸናው። ይህ ሁሉ ተጽፎ እያለ ስልኩን የሚያነሳው ባለሙያ «አንድ ናቸው» ይላል።

በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ገዛሁ። የሸጠልኝ መደብር ሰውዬ ምክሩ ሌላ ነበር፦ ከነማሰሮው ጋራዥ አስገባው፣ በሁለት ሳምንት አንዴ ትንሽ ውኃ ስጠው፣ አፈሩ አይድረቅ። ይሄም የሙዝ ምክር ነው። ጋራዡ ጨለማና ቀዝቃዛ ስለሆነ ተክሉ ተኝቷል፣ ውኃ አይጠጣም። የምሰጠው ውኃ የትም አይሄድም። ፌብሩዋሪ ላይ ያቺው የማውቃት ሽታ መጣች።

ያዳነኝ አክስቴ ናቸው። ስልክ ላይ ስለ ሌላ ጉዳይ እያወራን ነበር፣ በመሀል ነገርኳቸው። «ውኃ? ለተኛ እንሰት ውኃ?» አሉ። «ልጄ፣ እኛ እንኳ ችግኙን ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ስናዛውር ነቅለን፣ ሥሩን መልምለን፣ ቅጠሉን ቆርጠን ጥላ ሥር እናቆየዋለን። ወዲያው አንቀብረውም። ትንሽ ጠውለግ ይበል። እንሰት ጥሙን ይችላል፣ የማይችለው መታፈንን ነው።» ከቢሮውም ከመደብሩም ያላገኘሁት መልስ በአንድ የስልክ ጥሪ ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይህን ነው፤ አንድም አልሞተብኝም።

ውርጭ ቅጠሉን እስኪያጠቁረው አልጠብቅም። ይሄ ብዙ መመሪያ ላይ ከምታነቡት ተቃራኒ ነው፣ ግን ስሙኝ። ውርጭ የመታው ቅጠል ይላሽቃል፣ መላሸቁ በልባሱ በኩል ወደ ውስጥ ይወርዳል። እኛ አካባቢ የመጀመሪያው ውርጭ ኦክቶበር መጨረሻ ወይም ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ነው። የአየር ትንበያው ሌሊቱ ወደ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚወርድ ከተናገረ በዚያው ሳምንት እነቅለዋለሁ። ቢቻል ዝናብ ካቆመ ሰንበትበት ያለበት ቀን ይሁን።

ዙሪያውን በመንሽ ቆፍሬ ከነአሚቾው አወጣዋለሁ። አፈሩን አራግፋለሁ፣ ረዣዥሙን ሥር እመለምላለሁ። ቅጠሎቹን በሙሉ እቆርጣለሁ፤ መሀል ላይ ተጠቅልሎ የቆመውን አንዱን ብቻ እተዋለሁ። እሱን አትንኩት፣ ቀጥታ ከልቡ ነው የሚመጣው። ከዚያ ትልቁ ሥራ፦ ተክሉን ዘቅዝቄ አቆመዋለሁ፣ ከቻልኩም አንጠለጥለዋለሁ። በልባሶቹ መሀል የተጠራቀመው ውኃ ሲወርድ ታያላችሁ፤ መጀመሪያ ያደረግሁ ቀን መሬቱ ላይ ኩሬ ሠርቷል። ለቀናት እንዲሁ ይቆያል። የተቆረጠው ቦታ ሁሉ ላይ አመድ እነሰንሳለሁ፣ ይህም የአክስቴ ነው። አሚቾውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ቤዝመንት ውስጥ፣ ከማሞቂያው ራቅ ብሎ አስቀምጠዋለሁ። ከ7 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለበት ቦታ ፈልጉ። በፋራናይት ከ45 እስከ 55 ማለት ነው። አፈር የለም፣ ማሰሮ የለም፣ ጠብታ ውኃ የለም። ፕላስቲክ በጭራሽ።

በየወሩ ወርጄ ግርጌውን በአውራ ጣቴ እጫነዋለሁ። ጠንካራ ከሆነ ተመልሼ እወጣለሁ። ከለሰለሰ የለሰለሰውን ልባስ እስከ ጤነኛው ድረስ ልጬ ጥዬ አመድ እጨምራለሁ። ጃንዋሪ ላይ ግንዱ ይጨማደዳል፣ ከስቶ ያስፈራል። ባለቤቴ በየዓመቱ «ሞቷል፣ አውጣው» ትላለች። አትስሟት። ማርች መጨረሻ ላይ ማሰሮ ውስጥ ተክዬ ብርሃን ወዳለበት ሳወጣው ያ የተጠቀለለው ቅጠል በሳምንታት ውስጥ ይገፋል።

ማባዛት ለሚፈልግ፣ መጠበቅ ያለበት ያው ልብ እዚህ ላይ ሆን ተብሎ ይወጣል። በጸደይ ገና ወጣት የሆነውን ተክል ግንዱን ከአሚቾው ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ትቆርጣላችሁ፣ እምብርቱን በቢላዋ ፈልፍላችሁ ታወጣላችሁ፣ ጉድጓዱን በአፈርና በፍግ ሞልታችሁ ትቀብሩታላችሁ። ልቡ ሲወጣ አሚቾው ዙሪያውን ልጆች ይሰጣል። አገር ቤት ከአንድ አሚቾ በአሥሮች የሚቆጠር፣ አንዳንዴም ከመቶ በላይ ልጅ ይገኛል። እኔ ያን ያህል አላገኘሁም፣ ግን ቤተ ክርስቲያን ለምንገናኝ ሰዎች ለማደል በቅቶኛል።

ስለ መብላቱ ለምትጠይቁኝ፦ ከመደብር የመጣውን ተክል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አትብሉ። ለጌጥ ስለሚሸጡት ምን መድኃኒት እንደረጩበት አይነግሯችሁም። እናንተ ያባዛችሁት ልጁ ግን የናንተ ነው። እንሰት አንዴ አብቦ ስለሚሞት አበባ ካሰበ ሳትዘገዩ ቁረጡት።

ቅጠሉን ግን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ፣ መድኃኒት እንዳልተረጨበት ካወቃችሁ፣ አትጣሉ። ከውርጭ በፊት የምነቅልበት ሌላው ምክንያቴ ይኸው ነው። የኦክቶበሩን ቅጠል በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ፣ እሳት ላይ አሳልፌ ሲለሰልስ እጠቀልልና ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። ለገናም ለፋሲካም ድፎ ዳቦ በኮባ ይጋገራል። አሁን አሁን ብርዱ ሲቃረብ ስልኬ መጮህ ይጀምራል፤ የሚደውሉት ሁሉ ቅጠል የሚፈልጉ ናቸው። ለሁሉም የምላቸው አንድ ነው፦ ቅዳሜ ስነቅል መጥታችሁ ቆፍሩልኝና የቻላችሁትን ያህል ውሰዱ።