አባቴና የጅማው «ጄት»

አባቴ ሰማንያ አምስት ዓመት ሞልቶታል። ከጅማ አዲስ አበባ የመጣው በጄት መሆኑን እየሰማን ነው ያደግነው። ዓመቱን ስትጠይቀው «ጃንሆይ ነበሩ» ይልሃል፤ ጃንሆይ ደግሞ ስንት ዓመት እንደነበሩ የታወቀ ነው። ከዚያ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ላይ ተዘንብሎ በትከሻው እየገፋ «እንዲህ ነው የምትሆነው፣ ጄቱ ሳይነሳ» ብሎ ያሳያል። ብዙ ጊዜ የሚገፋው እናቴን ነው። እሷም «ሂድ ወዲያ!» ትለዋለች።

ባለፈው ወር የሁለት ቀን ሥራ ጅማ ላይ ሲገኝልኝ ይሄ ነገር ትዝ አለኝ። ልጅ ሆኜ ጥያቄ አልነበረኝም። አሁን ግን ጥርጣሬ ገብቶኛል።

ቦሌ ላይ የጠበቀኝ አውሮፕላን ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ነበር። ከ2002 ዓ.ም ጀምሮ አገር ውስጥ የሚመላለሰው ቀጭኑ ማለት ነው። ወንበሬ ፕሮፔለሩ አጠገብ ሆነ። አክስቴ «ቬንትሌተር» ነው የምትለው፣ አይታው ተመልሳ ልትወርድ ነበር አንድ ጊዜ። በነገራችን ላይ ውስጡ ያለው ሞተር የጄቱ ዘመድ ነው፤ እሱም ተርባይን ነው። ልዩነቱ ጉልበቱን ወደ ኋላ በመንፋት ፈንታ አብዛኛውን ፕሮፔለር ለማሽከርከር ማዋሉ ነው። ስለዚህ እኔ ራሴ ጅማ የገባሁት በግማሽ ጄት ነው ማለት ይቻላል። ጎኔ የተቀመጠው ተማሪ ገና ሳንነሳ አንቀላፋ። ግቤ በደመና ተሸፍኖ ነበር፣ ምንም አላየሁም። ሃምሳ ደቂቃ ገደማ በኋላ አባ ጅፋር አየር ማረፊያ ወረድን። ሣሩ ያስቀናል፣ አረንጓዴነቱ ሌላ ነው።

ከአየር ማረፊያው ከተማ ቅርብ ነው። ባጃጁ ሦስት መቶ ብር አለኝ፣ ዝናብ እያካፋ ስለነበር ዝም ብዬ ከፈልኩ። ሆቴል ስደርስ እንግዳ ተቀባይዋ ስንት እንደከፈልኩ ጠየቀችኝና አፏን በእጇ ሸፈነች። «ምነው፣ ስንት ነበር?» ስላት «ተዉት፣ ይቅርብዎት» አለችኝ። ይሄ መልስ ከሦስት መቶው በላይ አናደደኝ። ማታውን ሙሉ ስንት ሊሆን እንደሚችል ስገምት ነበር።

ሌሊቱን ደግሞ ባልናገር ይሻላል፤ ግን እናገራለሁ። መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ የተተከለው ልክ የእኔ መስኮት ሥር ነው። ሲነሳ ይንተፋተፋል፣ ያስላል፣ ከዚያ ጉልበት ሰብስቦ ግድግዳውን ሁሉ ያንዘፈዝፈዋል። አሁን ለመድኩት ስል ይጠፋል። ዝም ሲል ደግሞ የቆርቆሮው ዝናብ ይጀምራል። አልጋው መሃሉ ስለጎደጎደ የትም ብትገላበጥ የምትመለሰው እዚያው ጉድጓድ ነው። እኔ እኮ ገርጂ ነው የምኖረው። አናቴ ላይ አውሮፕላን ሲያልፍ ሌሊት አንዴም ነቅቼ አላውቅም። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ጄኔሬተሩ ለአምስተኛ ጊዜ ሲነሳ ግን «ይኸው የአባቴ ጄት» ብዬ ለብቻዬ ሳቅኩ።

ጠዋት ዓይኔ ቀልቶ ወጣሁ። የዛሬው ባጃጅ ሌላ ልጅ ነው። ስለ ድሮ አውሮፕላን የሚያውቅ ሽማግሌ የት እንደማገኝ ስጠይቀው እንደ እብድ አየኝ። ትንሽ አሰበና «የቡና ሰው ነው የሚያውቀው፣ ቡና ድሮ በአውሮፕላን ነበር የሚሄደው ይላሉ» አለኝና ይዞኝ ወደ ሂርማታ ገበያ በኩል ሄደ። ሁለት ቦታ ወርዶ ጠየቀልኝ። ሦስተኛው ላይ ተሳካ። የጠበቀበትን አልቀበልም ብሎ ሄደ፣ ሃምሳ ብር ብቻ ወስዶ። የትናንቱን ሰውዬ ወንድም እንዳይሆን እንጂ ብዬ በሐሳቤ ይቅር አልኩት።

ሽማግሌው የቡና መጋዘን በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ኬሻ ተደርድሯል፣ ትልቅ ሚዛን አለ፣ ሽታው ሳትጠጣ ያነቃሃል። «አካም ቡልተኒ ሐጂ» አልኩ፣ የማውቃት እሷን ብቻ ናት። ፈገግ ብለው በጥርት አማርኛ መለሱልኝ። ልጅነታቸውን ያሳለፉት አየር ማረፊያው ላይ ቡና በመጫን ነው። ክረምት ላይ መንገዱ ጭቃ ይሆንና መኪና ተቀርቅሮ ይከርማል፣ ቡናው ግን አይጠብቅም፤ ስለዚህ በዳኮታ ይጫናል። ዳኮታ ማለት ያ አየር መንገዱ ሲቋቋም የጀመረበት ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ነው፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም በአስመራ በኩል ካይሮ የሄደው የመጀመሪያው መደበኛ በረራም በእሱ ነው። ከጦርነቱ የተረፈ የወታደር አውሮፕላን ነበር። ቢበዛ ሦስት ቶን ቢሸከም ነው። በስልሳ ኪሎ ኬሻ ስታሰላው ከሃምሳ አይበልጥም።

«ከባዱ መሸከሙ አልነበረም» አሉ ሐጂ። «ዳገቱ ነው።»

«የምን ዳገት?»

«የውስጡ። በሩ ከኋላ ነው። ጭራው መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ትንሽ ጎማ አለችው እዚያ። አፍንጫው ወደ ሰማይ ነው። ከበሩ ገብተህ ወደ ፊት ስትሄድ ዳገት ትወጣለህ። ባዶ እጅህን ራሱ ያዳልጥሃል። እኛ ኬሻ ይዘን ነው!»

ሰው የት ነበር የሚቀመጠው አልኳቸው። ዱላቸውን መሬት ላይ አጋድመው አሳዩኝ። ወንበሩ እንደ ዛሬው በረድፍ ወደ ፊት የዞረ አልነበረም፤ በግራና በቀኝ ግድግዳውን ተከትሎ የሄደ አግዳሚ ነው። ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጣል፣ ጭነቱ መሃል ላይ በገመድ ይታሰራል። አውሮፕላኑ እስኪነሳ ድረስ ታዲያ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ጭራው በኩል ይንሸራተታል፣ አንዱ በአንዱ ላይ።

አባቴ! በትከሻው የሚገፋን ነገር! ጄት እኮ ጎማው አፍንጫው ሥርም ስላለ መሬት ላይ ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው። ጎን ለጎን እየተንሸራተቱ የሚተሻሹበት አንድ የመንገደኛ ጄት የለም። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፣ ሐጂ ምን ነካው ብለው አዩኝ። ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ ያኔ ከበቅሎ የፈጠነ ሁሉ ጄት ነው» አሉ። አቦሉ መጣ።

እውነተኛው ጄትማ የመጣው በ1955 ዓ.ም ነው። ሁለት ቦይንግ 720ቢ፣ እያንዳንዱ አራት ሞተር ያለው። ጥር 7 ቀን ናይሮቢ፣ በማግስቱ ማድሪድ። ለእነሱ ሲባል ነው ቦሌ የተሠራው፤ የድሮው የልደታ አየር ማረፊያ ማኮብኮቢያ አይበቃቸውም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፣ ክንፉም የሚደገፍበት ያንሰዋል፣ ሞተሩም ይደክማል፤ ስለዚህ ጄቱ እስኪነሳ ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። ጅማ ወደ 1,700 ሜትር ወረድ ያለች ብትሆንም ያን አራት ሞተር ዝሆን ለኬሻ ብሎ ወደዚያ የሚልክ አልነበረም። ትንሹ ጄት፣ ቦይንግ 737፣ አየር መንገዱ እጅ የገባው ቆይቶ በ1980 ዓ.ም አካባቢ ነው። እሱም የክፍለ ሀገር ሜዳ ላይ ቶሎ ተፈተነ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም ዓመት ያልሞላው 737 ከባሕር ዳር ሲነሳ የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገብቶ ወደቀ፣ ከ104 ሰው 35ቱ ሞቱ። ይሄን የማነሳው ጅማ ላይ ሣሩ ውስጥ ወፎች ሲለቅሙ ስላየሁ ነው። ለአክስቴ አልነገርኳትም።

ከሰዓት ሥራዬን ጨረስኩ። ጅረን ወጥቼ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አየሁ፣ የእንጨት ሥራው ድንቅ ነው። ማር ገዛሁ፣ ተወደደብኝ መሰለኝ። ስመለስ በመኪና ነው፤ 350 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ግቤ ላይ ሙቀቱ፣ ወሊሶ ላይ ምሳ፣ ጉልበቴ ታጥፎ ቀረ።

እሑድ አባቴ ዘንድ ሄድኩ፣ ማሩን ይዤ። የሐጂን ነገር አንድም ሳላስቀር አወራሁት። ዳገቱን፣ አግዳሚውን፣ የጭራዋን ጎማ። ዝም ብሎ ሰማኝ። ማሩን በጣቱ ቀመሰ።

«አባዬ፣ አዲስ አበባ ስትደርስ የት ነበር ያረፋችሁት?»

«ልደታ ነዋ።»

«ልደታ ጄት አያርፍም እኮ! ቦሌ የተሠራው ለዚያ ነው።»

«ማነው ያለህ?»

«የታወቀ ነው።»

«አንተ ነበርክ?»

አልነበርኩም አልኩት። ሶፋው ላይ ጠጋ አለኝ፣ ማሩ የነካውን ጣቱን ሸሚዜ ላይ እንዳያስነካ እጁን ወደ ላይ ይዞ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተዘነበለና በትከሻው ገፋኝ።

«እንዲህ ነው የምትሆነው» አለ። «ጄቱ ሳይነሳ።»