የአክስቴ ጋላክሲ

አሜሪካ ያለው ወንድሜ በሰው እጅ ቴሌስኮፕ ከላከልኝ ወዲህ እኔም ቤተሰቤም ሰላም የለንም። አዲስ አበባ ላይ የመንገዱ መብራት ሰማዩን ያደበዝዘዋል። ስለዚህ ለኅዳር ሚካኤል ደብረ ብርሃን ስወርድ ልብሴን ትቼ እሱን ተሸክሜ ሄድሁ። ገና የምሳው ገበታ ሳይነሣ «ዛሬ ማታ ጋላክሲ አሳያችኋለሁ» ብዬ አወጅሁ።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ቤተ ዘመዱ ጋቢውን ተከናንቦ ግቢው ውስጥ ተኮለኮለ። አንድሮሜዳ የምትባለው ጋላክሲ በሰሜን በኩል ከፍ ብላ ነበር፤ ከብዙ ልፋት በኋላ አገኘኋት። እውነቱን ለመናገር፣ የምትታየው እንደ ጭስ ቁራጭ ነው። ስለዚህ ጉድለቷን በወሬ ልሞላ ተነሣሁ፦ ብርሃኗ እኛ ዘንድ ለመድረስ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ፈጅቶበታል፤ ጉዞውን ሲጀምር ሉሲ ከሞተች 700 ሺህ ዓመት ያህል ሆኗት ነበር። በግሪኮች አፈ ታሪክ ደግሞ አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ የኬፌዎስ ልጅ ናት።

«የእኛ ልጅ ናት?» አለች አክስቴ። «እሷም ውጭ ወጥታ ቀረች በለኛ!»

በዕድሜ ታላቅ ናትና መጀመሪያ እሷ አየች። ለበዓሉ አናቷን ለጋ ቅቤ ተቀብታለች። ግንባሯን ሌንሱ ላይ አስደግፋ፣ ቱቦውን እንደ እንስራ አቅፋ ብዙ ቆየችና «ምንም የለም» ብላ ተነሣች።

አጎቴ ተተካ። «የእግዚአብሔር ሥራ!» ብሎ ጮኸ።

ሮጬ አየሁ። መሃሉ የሚያበራ፣ ጠርዙ የሚንቦገቦግ ሰፊ ደመና! እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ደረቴን ነፍቼ ማብራራት ጀመርሁ፤ መሃሉ የታጨቁ ከዋክብት ናቸው አልሁ፤ ጥምዝምዝ ክንዶቿ ይታዩኛል ብዬም ማልሁ። ሴቶቹ እልል አሉ።

ኋላ የሰባት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ተራው ደረሰና ቱቦውን ማዞር ጀመረ።

«አጎቴ፣ እዚህም ጋላክሲ አለ!»

«ተው አትንካ።»

«እዚህም! ይህችኛዋ ደግሞ ትበልጣለች!»

ያቺ ትልቋ የጎረቤታችን በር ላይ ያለችው አምፖል ነበረች።

በስልኬ መብራት ሌንሱን አየሁት። ቅቤው ከዳር እስከ ዳር ተለቅልቆበታል። አክስቴ ቱቦውን ስታቅፈው ከአንድሮሜዳ ወደ አንድ ደማቅ ኮከብ አዙራዋለች፤ የተቀረውን ሥራ የሠራው አናቷ ነው። «የእኛን ጋላክሲ ፍኖተ ሐሊብ፣ የወተት መንገድ ነው የምንለው፤ ከወተት ቅቤ ቢወጣ ምን ይደንቃል?» ብዬ ላስቃቸው ሞከርሁ። የሳቀልኝ የለም።

ጠርጌ፣ አነጣጥሬ፣ አንድሮሜዳን እንደገና እስካገኛት ግማሽ ሰዓት አለፈ። ሁሉም ገብቶ እናቴ ብቻ ቀርታለች። ጎንበስ ብላ አየች።

«ይህ ነው?»

«አዎ እማዬ፣ እውነተኛዋ ይህች ናት።»

«የአክስትህ ይሻላል» አለችና ጋቢዋን ሰብስባ ገባች።