ሲናፕስ የለውም ብዬ የጻፍኩት እብጠት

አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል። ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ላይ አዲስ የሆነ ሰው ቢያነበው ይጠቅመዋል ብዬ ነው የምጽፈው።

ሥራዬ ከአዲስ ተወላጅ አይጦች መካከለኛ አንጎል የወጡ ዶፓሚን (የአንጎል መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል) አመንጪ ኒውሮኖችን፣ ማለትም የነርቭ ሕዋሶችን፣ ሳህን ላይ ማሳደግና ሲናፕሳቸውን፣ ማለትም አንዱ ሕዋስ ለሌላው መልእክት የሚያስተላልፍበትን መገናኛ፣ ማየት ነው። ሳህኑ ላይ የሚያድገው ሁሉ ዶፓሚን አመንጪ አይደለም። ስለዚህ ዶፓሚን ለመሥራት የሚያስፈልገውን ታይሮሲን ሃይድሮክሲሌዝ የተባለ ኢንዛይም በፀረ-አካል እንፈልገዋለን፤ ኢንዛይሙ ያለበት አክሶን (መልእክት የሚወስደው የኒውሮኑ ረጅም ክር) ጠቁሮ ይወጣል። አክሶኑ ቀጭን ክር ሆኖ በየመሃሉ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ያበጠ ነው። መልእክት የያዙት ጥቃቅን ከረጢቶች የሚከማቹትም እብጠቶቹ ውስጥ ነው።

የተሰጠኝ ሥራ ከእብጠቶቹ ስንቶቹ ሲናፕስ እንዳላቸው መቁጠር ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ቆጠርኩና ስብሰባ ላይ "አብዛኞቹ የላቸውም" አልኩ። የዶፓሚን አክሶን ሲናፕስ አልባ እብጠቶች እንዳሉት ቀድሞ ይታወቃል፤ ያየሁት ከጠበቅኩት ጋር ገጠመና ትንሽ እንኳ አልተጠራጠርኩም።

ኃላፊያችን ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና የ14ኛውን እብጠት ፎቶ መልሼ እንዳሳያቸው ጠየቁኝ።

"ከዚህ በፊትና በኋላ ያሉትን ቁራጮች አይተሃቸዋል?"

"አላየሁም፣ ይህን ብቻ ነው ያነሳሁት።"

ክፍሉ ጭጭ አለ።

ናሙናውን የምናየው በጣም ስስ ሆኖ ተቆራርጦ ነው፤ የአንዱ ቁራጭ ውፍረት 70 ናኖሜትር ገደማ ነው። እብጠቱ ግን ግማሽ ማይክሮሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ስለሆነ ሰባት ስምንት ቁራጭ ላይ፣ ሲበዛም ከአስር በላይ ላይ ይወጣል፤ ሲናፕሱ ደግሞ አንዷ ጥግ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል። እኔ መሃሉን አይቼ ስለ ሙሉው ፈርጃለሁ።

ደግነቱ የቀሩት ቁራጮች አልተጣሉም። ቁራጮቹ ከአልማዝ ቢላው ሲወጡ ተያይዘው ውሃ ላይ እንደ ጥብጣብ ይንሳፈፋሉ። ብርማ ቀለም ካላቸው ቀጭን ናቸው፣ ወርቃማ ከሆኑ ወፍረዋል። ጥብጣቡ ያረፈበትን ግሪድ (ቁራጮቹን የሚይዝ ትንሽ የብረት ወንፊት) ማይክሮስኮፑ ውስጥ መልሼ አስገባሁና አንድ በአንድ ሄድኩ። አንደኛው ላይ ምንም የለም። ሁለተኛውም ያው። ሦስተኛው ላይ ግን የእብጠቱና የተቀባዩ ሕዋስ ሽፋኖች ድንገት ትይዩ ሆነዋል፣ በመካከላቸው 20 ናኖሜትር ያህል ክፍተት አለ፣ ከረጢቶቹ ወደ ሽፋኑ ተጠግተው ተሰብስበዋል፣ በተቀባዩ በኩልም ስስ ጥቁር መስመር አለ። ሲናፕስ ነው! ከ14ኛው ላይ "የለውም" የሚለውን ሰረዝኩት።

ከዚያ በኋላ ቆጠራውን በሙሉ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ሰንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ ጨመርኩ፦ እብጠቱ የጀመረበትና ያለቀበት ቁራጭ ቁጥር። በመሃል አንድ ቁራጭ እንኳ ከተጨማደደ ወይም ከጠፋ ያንን እብጠት ከቆጠራው አወጣዋለሁ፤ ብዙ ድካም ገደል ይገባል፣ ግን ሌላ መንገድ የለውም።

22ኛውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁራጭ ተከተልኩት። በከረጢት ተሞልቷል፣ ሲናፕስ ግን አንድም ቦታ የለውም። እሱን "የለውም" ብዬ ስጽፍ አላመነታሁም።