ቅቤ የተቀባ ሹሩባና 2 ሚሊአምፔር

የቆየ ሕመምና ድብርት ማስታወስን እንዴት እንደሚያዳክሙ ለማጥናት በግራ ግንባር በኩል ለአንጎል ደካማ ኮረንቲ ይሰጣል (tDCS ይባላል)፤ በአብዛኛው 2 ሚሊአምፔር፣ ለ20 ደቂቃ። መሣሪያው በባትሪ ስለሚሠራ ደብረ ብርሃን ላይ መብራት ቢጠፋም አይቋረጥም።

አስቸጋሪው ጸጉር ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ቅቤ የተቀባ ሹሩባ ብርቅ አይደለም፤ ቅቤው ኮረንቲውን ያግዳል፣ ጉንጉኑም ኮረንቲውን የሚያስተላልፈውን ስፖንጅ ከቆዳው ያርቀዋል። ስለዚህ ተሳታፊዎቹ በዋዜማው በሳሙና ታጥበው፣ ጸጉራቸውን ሳይሠሩ እንዲመጡ ቀድሞ መንገር ነው። በቀጠሮው ዕለት «እትዬ፣ ሹሩባዎን ይፍቱልን» ማለት ነውር ነው፤ ገንዘብም ወጥቶበታል።

35 ካሬ ሴንቲሜትር የሆነው ስፖንጅ በጨው ውሃ ይርሳል። ውሃው ሲበዛ በጸጉሩ ሥር ይሰራጭና ኮረንቲው ከታሰበው ቦታ ውጭ በቆዳ ላይ ይፈሳል፤ ሲያንስ ደግሞ ያቃጥላል። ለማነጻጸሪያው ቡድን ኮረንቲው ለ30 ሴኮንድ ያህል ብቻ ተሰጥቶ ይቋረጣል፤ ማሳከኩ መጀመሪያ ላይ ስለሚበረታ ብዙዎቹ ከእውነተኛው አይለዩትም።

የማስታወስ ፈተናውን በፊደል ስታዘጋጁ ሀ፣ ሐ እና ኀን አትቀላቅሉ። ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ስህተቱ ከማስታወስ ድካም ይምጣ ከፊደሉ መለየት አይቻልም። ሰ እና ሠም እንዲሁ።

ለነርቭ ሕመም ካርባማዜፒን የሚወስዱትን ለይታችሁ መዝግቡ፤ መድኃኒቱ የኮረንቲውን የማነቃቃት ውጤት ያጠፋዋል።