ቦዩ ጫፍ ላይ መቆም

ዛሬ ደብረ ማርቆስ፣ ዓይነ ስውርን እንዲመራ ለምናሠለጥነው ውሻ ከሁሉ የከበደው ክፍት ቦይ ነበር። ዝናቡ ሞልቶት ከመንገዱ ጋር እኩል ሆኗል፤ ውሻው ሜዳ መስሎት ሊያልፍ ነው።

መሆን ያለበት እንዲህ ነው፤ ውሻው ከሚመራው ሰውየ በግራ፣ ትንሽ ቀደም ብሎ ይሄዳል። የቦዩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል፤ ሰውየው በእግሩ ዳስሶ «ሂድ» እስኪለው ንቅንቅ የለም። እንደቆመ፣ ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ፣ ሽምብራ የምታክል የተቀቀለ ጉበት ይሰጠዋል። ሽልማቱ ከዘገየ ግን ዞር ብሎ ስላየን የተሸለመ ይመስለዋል። ዛሬ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጉበቱን ሽንኩርት አይንካው፤ የውሻን ደም ይጎዳል።

ለአንድ ልምምድ አሥር ደቂቃ ይበቃል። መሬት መሬት ማሽተት ከጀመረ ደክሞታል፤ ያኔ መጎተት ፍርሃት ብቻ ነው የሚያስተምረው።

ባጃጅ እየመጣ «ሂድ» ቢባል እንኳ እንቢ ማለት አለበት። ይህ ግን ቦዩን ሳይለምድ አይጀመርም።

ወገኖቼ፣ እጀታ ያለው የደረት ማሰሪያ የታጠቀ ውሻ ስታዩ አታፏጩ፣ ዳቦ አትወርውሩለት፤ ድንጋይማ በጭራሽ! የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ የሚያሳስበው ሰው ካለ፣ ወረቀቱ በባለቤቱ ኪስ ነው፤ እሱን ይጠይቀው።