ሱባ ደን ውስጥ ለሮቶ ስንሮጥ

መናገሻ ሱባ ደን ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ይህን ያህል ቀርቦ ሳለ ስንቱ የአዲስ አበባ ሰው ሳያየው እንደሚኖር ይገርመኛል። እኔም ብሆን ሽርሽር አምሮኝ አይደለም የሄድኩት። ጓደኞቼ ትንሽ የበጎ አድራጎት ሩጫ አዘጋጅተው ነው። ውሃ ለሌለው አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሮቶ ለመግዛት፣ ከዚያም የጣሪያውን ዝናብ ወደ ሮቶው የሚወስድ አሸንዳ ለማሠራት።

አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሯጭ ዘመድ ወዳጁን ዞሮ በኪሎ ሜትር ቃል ያስገባል። አንዱ ሃምሳ ብር ይላል፣ ሌላው መቶ። ስትጨርስ በሮጥከው ኪሎ ሜትር ይባዛል፣ ገንዘቡ በቴሌብር ይገባል። አጎቴ ደህና ብር ቃል ገባና ወዲያው ክርክር ጀመረ። «በእግርሽ የሄድሽበት አይቆጠርም እሺ፤ የሮጥሽው ብቻ ነው» አለኝ። ዳገት ላይ ሮጦ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚለው።

ቲሸርት አልተሠራም። ሜዳሊያም የለም። የደረት ቁጥራችን በፓርከር የተጻፈ ካርቶን ነው፣ በመርፌ ቁልፍ የተያያዘ። አንዳንዶች ቅር ብሏቸዋል፣ ፎቶ ላይ አያምርም ብለው። እኔ ግን ደስ ብሎኛል። ከዓመታት በፊት የሮጥኩት አንድ ሩጫ ነበር፣ እሱም ለበጎ አድራጎት የተባለ። ቲሸርቱ ምን የመሰለ፣ ባነሩ እንደ ሰንደቅ የተንጠለጠለ፣ ዲጄው ጆሮ የሚያደነቁር። የተሰበሰበው ገንዘብ የት ገባ ብዬ ብጠይቅ እስከ ዛሬ የመለሰልኝ የለም። ስለዚህ ቲሸርት የለም ሲሉኝ ሁለት ሰው ተጨማሪ ቃል አስገባሁ።

ከከተማ የወጣነው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። የጥቅምት ብርድ አጥንት ይሰብራል። ሚኒባሱ ውስጥ ሁሉም ቱታውን እስከ አገጩ ቆልፎ ተቀምጧል፣ የሚያወራ የለም። ሰበታን አልፈን ከአስፋልቱ ወደ ፒስታው ስንታጠፍ ነው ሰው የነቃው። ምክንያቱም ያ መንገድ ማንንም አያስተኛም። ግራና ቀኙ የጤፍ ማሳ ነው፣ ከዚያ ባሕር ዛፍ፣ እንደገና ባሕር ዛፍ። በምኒልክ ዘመን ለማገዶ ተብሎ ከውጭ የመጣ ዛፍ የሸዋን ዳገት ሁሉ ወርሶታል። ከዚያ ድንገት መንገዱ ጨለመ። ደኑ ገባን ማለት ነው።

የከተማ ልጅ ጥድ ሲባል በአጥር ጥግ የተተከለውን የፈረንጅ ጥድ ነው የሚያስበው። የሐበሻ ጥድ ሌላ ነገር ነው። አንዱን ለሦስት ሆነን ለማቀፍ ሞክረን እጃችን አልተገናኘም። ቅርፊቱ በቁመቱ እየተሰነጠቀ እንደ ገመድ ይላጣል። እጅህን ስታሳርፍበት ሙጫው ይጣበቃል፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ጣትህ ላይ ይሸታል። ግንዱን ምስጥ እንደ ልቡ አይበላውም፤ ለዚህም ነው የድሮ ሰው ለቤት ምሰሶና ለቤተ ክርስቲያን በር የሚመርጠው። ለዚሁ ብሎም ነው አገር ሙሉ ጥድ የተጨረሰው።

እዚህ እንዴት ተረፈ ታዲያ? የሚነገረው ታሪክ በ15ኛው መቶ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ተራራው መራቆቱን አይተው፣ ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉ ይላል። ወፍ ዋሻ ዛሬም ደን ነው። ሱባንም በአፍሪካ ከጥንቶቹ ጥብቅ ደኖች አንዱ ነው ይሉታል። አንድ ንጉሥ የዛሬ ስድስት መቶ ዓመት ግድም ባስጀመረው ችግኝ ተከላ ጥላ ሥር ቆሜ የጫማዬን ክር እያሰርኩ ነው። እኛ በየክረምቱ የተከልነውን ችግኝ በበጋው ማን እንደሚያጠጣው አሰብኩና ተውኩት፤ የሩጫ ቀን አይበላሽ።

የደን ጠባቂው አባት ሳንጀምር ሰበሰቡን። ድምፅ ማጉያ አይከፈትም። ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ አይጣልም። ሁላችሁም ባንዴ ግር ብላችሁ አትሂዱ፣ ጥቂት ጥቂት እየሆናችሁ። አንዱ ልጅ ለሙዚቃ ብሎ ይዞት የመጣውን ስፒከር ቀስ አድርጎ ወደ ሚኒባሱ መለሰው። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ አዲስ አበባን በሆታ የሚያጥለቀልቀውን የታላቁን ሩጫ ግርግር ለለመደ ሰው ይህ ሩጫ ሳይሆን ጸሎት ቤት ሊመስለው ይችላል። እኔ ደግሞ ያንንም እወዳለሁ፣ ይህንንም። ያኛው ከሰው ጋር ነው፣ ይሄ ከራስ ትንፋሽ ጋር።

የሮጥነው 10 ኪሎ ሜትር ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሰፊ የመኪና መንገድ ስለሆነ ጥሩ ሄድን። ከዚያ ዳገቱ መጣ። ደኑ ያለው ወጨጫ ተራራ ወገብ ላይ ነው፣ የተራራው ጫፍ 3385 ሜትር ይደርሳል። እኛ እስከዚያ አንሮጥም፤ ግን ከፍታው ገና ከሥሩ ይታወቅሃል። ሦስት ሺህ ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሰባ በመቶ ያህል ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሳንባዬ ይህን ቁጥር ሳያውቅ አወቀው። አጎቴን እያሰብኩ ጥቂት ሮጥኩ፣ ከዚያ አጎቴን ረስቼ በእግሬ ሄድኩ።

ብሄድም ጥሩ ሆነ። ከፊቴ የነበሩት እየሮጡ ካለፉት ዛፍ ላይ ጉሬዛዎች ነበሩ። አንዲቷ ልጇን ታቅፋለች። ጉሬዛ ጥቁር ሆኖ ነጭ ካባ የደረበ ነው፤ ልጁ ግን ሲወለድ ሙሉ ለሙሉ ነጭ ነው። ሌላ ሴት ጉሬዛ ተጠጋችና ሕፃኑን ተቀበለቻት፣ እናትየው ዝም ብላ ቅጠሏን ማኘክ ቀጠለች። አውራ ጣት የላቸውም ማለት ይቻላል፤ በአራቱ ጣታቸው ቅርንጫፉን እንደ መንጠቆ ይዘው ነው የሚወረወሩት። አንዱ ትልቁ ወንድ ከጥድ ወደ ዝግባ ሲዘል ጅራቱ ከኋላው ተዘረጋ፣ ቅርንጫፉ ጎበጠ፣ ጤዛው እላዬ ላይ ወረደ። ሰዓቴን አላየሁም። ይህን የመሰለ ነገር ፊትህ እያለ ሰዓት ማየት ነውር ነው።

ትንሽ እንዳለፍኩ ከቁጥቋጦው ውስጥ አንድ ነገር ጮኸ። ከኋላዬ የነበረችው ልጅ «ውሻ!» ብላ ክንዴን ያዘችኝ። ውሻ አይደለም፤ ድኩላ ነው። ሲደነግጥ እንደ ውሻ ይጮሃል። የምኒልክ ድኩላ የሚባለው፣ መልኩ ጠቆር ያለው፣ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝ ነው። እኛ ያየነው ጀርባውን ብቻ ነው። የሚያስቀው፣ ያቺ ልጅ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው አልቆመችም።

መሃል ላይ ኮንጎ ጫማ ያደረገ እረኛ ልጅ ተቀላቀለን። ለጥቂት ጊዜ ጎናችን ሮጠ፣ ያውም ዱላውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ አንድም ጊዜ ሳያለከልክ። በኦሮምኛ አንድ ነገር ጠየቀ። ከእኛ የምትችለው ተርጓሚ ሆነች፦ ስንት ይከፍሏችኋል ነው የሚለው። አይ፣ የምንከፍለው እኛ ነን ስትለው ቆም ብሎ አየን። ሳቀ። ከዚያ ጥሎን ሄደ፣ በዳገት። እሱን በኪሎ ሜትር ብናስመዘግበው ሮቶው ሁለት ይሆን ነበር።

ቁልቁለቱን የወረድነው እንደ ልጅ ነው። መሬቱ በረገፈ ቅጠል ስለተሸፈነ ለጉልበት ይመቻል፤ አስፋልት ላይ የሚያመኝ ጉልበቴ ዝም አለ። ግን ሥር አለ፣ ድንጋይ አለ፣ ዓይንህን ከመሬት ካነሳህ ትወድቃለህ። አንዱ ወደቀም፤ ክርኑ ተላጠ፣ ሳቀ፣ ተነሣ።

ከጨረስን በኋላ ዳቦ በሻይ ቀማምሰን፣ አቅም የቀረን ከደን ጠባቂው ጋር ወደ ላይ በእግር ወጣን። እሳቸው እንደ እኛ አይቸኩሉም፤ እርምጃቸው አንድ ዓይነት ነው፣ ግን አይቆሙም። ኮሶውን አሳዩን። ለሆድ ትል መድኃኒትነቱ ከእኛም አልፎ በአውሮፓ ታዋቂ የነበረው እሱ ነው። «የድሮ ሰው ይህን ጠጥቶ ነው የሚሠራው» አሉ፣ አንዳችንም እንቅመስ አላልንም። ከፍ እያልን ስንሄድ ዛፉ እያጠረ፣ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ እየበዛ መጣ። አንድ አረንጓዴ ወፍ ቅርንጫፍ ላይ ቆሞ ምንም አይመስልም ነበር፤ ሲበር ክንፉ ደም የመሰለ ቀይ ሆነ። ቱራኮ ነው። የዚህ ወፍ ቀይ ቀለም በውስጡ መዳብ ያለበት ነው፣ ከቱራኮ ዘመዶች ሌላ የትኛውም ወፍ እንዲህ ያለ ቀለም የለውም። ያገኘሁትን ሁሉ ሰው «አይታችሁታል?» እያልኩ አሰለቸሁ።

ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ሚኒባሱ ጠዋት እንደነበረው አልነበረም። ሁሉም ባንዴ ያወራል፣ ጉሬዛ ያላየ ያየውን ይቀናበታል። አዘጋጆቹ እዚያው መንገድ ላይ ሆነው የእያንዳንዱን ሰው ኪሎ ሜትርና ቃል በስልካቸው መዝግበው ለሁላችንም ላኩልን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ የሮቶው ደረሰኝ፣ የአሸንዳው ደረሰኝ፣ የማጓጓዣው ደረሰኝ በዚያው ግሩፕ መጣ። ሲሚንቶ ስለተወደደ የሮቶው መቀመጫ ከታሰበው በላይ ፈጅቷል፣ የጎደለውን እነሱ ከኪሳቸው ሞልተውታል፤ ያንንም ጽፈዋል። ባነር ከሚያህል ምስጋና ይልቅ ይህቺን የሒሳብ ወረቀት እመርጣለሁ።

ቃል የገቡልኝ ሰዎች ሁሉም ከፍለዋል፣ ከአንድ ሰው በቀር። እሱም ዳገቱን ሮጬ እንደወጣሁ የሚያረጋግጥ ምስክር አምጪ እያለ ነው። የእረኛውን ልጅ ስልክ ስላልያዝኩ፣ በየሁለት ቀኑ እየደወልኩ እጨቀጭቀዋለሁ።