ሽመላዎቹ

ዛሬ ረፋድ ላይ እስራኤል፣ ቤት ሸአን ከተማ ከእማዬ ጋር አውቶቡስ ስንጠብቅ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። «ቀና በይ! ሽመላ!»

ከዓሣ ኩሬዎቹ በላይ በመቶ የሚቆጠሩ ሽመላዎች ይዞራሉ። መሬቱ ሲሞቅ ወደ ላይ የሚወጣው አየር ነው የሚያነሳቸው፤ ክንፋቸውን አንዴም አላርገበገቡም። ገላቸው ነጭ፣ የክንፋቸው ዳር ጥቁር፣ ቀዩ እግራቸው ወደ ኋላ ተዘርግቷል። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማያገኙ ከአውሮፓ ሲመጡ ሜዲትራኒያንን ዞረው በእኛ በኩል ወደ አፍሪካ ይወርዳሉ።

እማዬ ልጅ ሳለች በጎንደሯ የቤተ እስራኤል መንደር በአምቦበር ላይ ሽመላ ባለፈ ቁጥር ልጆቹ ከሥር እየሮጡ «ኢየሩሳሌም ደህና ናት ወይ?» ብለው ይጠይቁት ነበር። እኔ ተረት ይመስለኝ ነበር። ለካ እውነትም በዚህ አልፎ ነው እዚያ የሚደርሰው! እነሱ በየዓመቱ የሚመላለሱበትን መንገድ እማዬ ሱዳን ድረስ በእግሯ ሄዳ፣ በ1977 ዓ.ም. አንዴ ብቻ መጣችበት። ታናሽ ወንድሟ እዚያው መንገድ ላይ ቀረ።

አውቶቡሱ መጣ፤ አልገባችም። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ዓይኗን በእጇ ከፀሐይ ጋርዳ፣ «በሉ፣ አገሩን ሰላም በሉልኝ» አለቻቸው።

ቀጣዩ አውቶቡስ እስኪመጣ ከሰማዩ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም።